«ቀይ» ተብሎ በአረንጓዴ የተጻፈ ቃል፦ የስትሩፕ ሙከራ የጉዳይ ጥናት

የዛሬ ሦስት ዓመት ገደማ ነው። እህቴ ቤት ቁጭ ብያለሁ። ቡና ተጥዷል። የእህቴ ልጅ ያኔ ኬጂ ነበረች። ፊደል ገና አልገባትም። ማርከሮቿን ተውሼ አንድ ነጭ ወረቀት ላይ 20 ቃል ጻፍኩ። «ቀይ» የሚለውን በአረንጓዴ፣ «አረንጓዴ» የሚለውን በሰማያዊ፣ «ሰማያዊ» የሚለውን በቀይ። እንዲህ እያቀያየርኩ ወረቀቱን ሞላሁት። ጨዋታው ቀላል ነው። የተጻፈውን ትተህ የተጻፈበትን ቀለም ትጠራለህ።

መጀመሪያ እሷ ጀመረች። ጣቷን እያስከተለች «አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ቀይ» እያለች እስከ ታች ወረደች። አንድም ቦታ አልቆመችም። ተራው የኔ ሆነ። የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን እንደምንም አለፍኩ። አራተኛው ላይ አፌ ተሳሰረ። «ቀ… አይ፣ አረንጓዴ።» ሰባተኛውን ጭራሽ ተሳሳትኩ። ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ። «ጋሼ፣ ቀለም አታውቅም እንዴ?»

አውቃለሁ። ችግሬ ማንበብም ማወቄ ነው።

ጨዋታው የኔ ፈጠራ አይደለም። በሥነ ልቦና ታሪክ ብዙ ጊዜ ከተደገሙት ሙከራዎች አንዱ ነው። ባለቤቱ ጆን ሪድሊ ስትሩፕ ይባላል። በ1897 በአሜሪካ ቴኔሲ ግዛት ተወለደ። ያደገው በገጠር፣ በእርሻ ላይ ነው። ናሽቪል ከተማ በሚገኘው የጆርጅ ፒቦዲ የመምህራን ኮሌጅ ተማረ፣ ዶክትሬቱንም በ1933 እዚያው ያዘ። የመመረቂያ ሥራው በ1935 በአንድ የሙከራ ሥነ ልቦና መጽሔት ላይ ታተመ። ዛሬ «የስትሩፕ ውጤት» ሲባል የምንሰማው ከዚያ ጽሑፍ የወጣ ነው። (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

ስለዚህ ሙከራ ብዙ ተብሏል። አብዛኛው የሚያወራው ግን ስለ አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ጽሑፉ ውስጥ ሦስት ሙከራዎች አሉ። ዝነኛው ሁለተኛው ነው፤ እኔን የሚገርመኝ ሦስተኛው። ግን በቅደም ተከተል እንሂድ።

ስትሩፕ ኮምፒውተር አልነበረውም። የነበረው የታተመ ወረቀትና በእጅ የሚያዝ ስቶፕዎች ነው። ወረቀቱን ግን ተጠብቦ ነው የሠራው። አምስት ቀለሞች መረጠ፦ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ቡናማና ሐምራዊ። አሥር በአሥር አድርጎ 100 ቃል ደረደረ። እያንዳንዱ ቀለም በየመስመሩ እኩል ጊዜ ይመጣል። አንድ ቀለም በራሱ ላይ ተከትሎ አይመጣም። እንደዚህ ካልሆነ ተፈታኙ ቀጥሎ የሚመጣውን መገመት ይጀምራል፤ ያኔ ሰዓቱ የሚለካው ግምትን ይሆናል። ቃሉና ቀለሙ የትም ቦታ አይስማሙም። ተፈታኙ ከተሳሳተ አርሞ ነው የሚቀጥለው። ስለዚህ ስህተቱም በሰዓቱ ውስጥ ይገባል።

የመጀመሪያው ሙከራ ማንበብ ነበር። 70 ተማሪዎች ቃላቱን አነበቡ፤ አንዴ በጥቁር ቀለም የታተሙትን፣ አንዴ ደግሞ በሌላ ቀለም የታተሙትን። ጥቁሩ በአማካይ 41.0 ሰከንድ ፈጀ። ባለቀለሙ 43.3። የ2.3 ሰከንድ ልዩነት ለ100 ቃል ምንም ማለት አይደለም። ቀለሙ አንባቢውን እምብዛም አልረበሸውም።

ሁለተኛው ላይ ጥያቄው ተገለበጠ። 100 ተማሪዎች ቀለም ጠሩ። በአንደኛው ወረቀት ላይ ያሉት ባለቀለም አራት ማዕዘኖች ናቸው። በሌላው ላይ ከቀለማቸው ጋር የሚጣሉ ቃላት አሉ። አራት ማዕዘኖቹ 63.3 ሰከንድ ወሰዱ። ቃላቱ 110.3። ልዩነቱ 47 ሰከንድ ነው፤ ጊዜው በ74 በመቶ ጨመረ።

ይህን ወደ አንድ ቃል አውርዱት። ባዶ ቀለም ለመጥራት 0.63 ሰከንድ ገደማ ይበቃል። ቃል ሲደረብበት 1.10 ይሆናል። ግማሽ ሰከንድ የማይሞላ መደናቀፍ ነው። አንዴ ቢሆን አይታወቅም። መቶ ጊዜ ሲደጋገም ግን ሰውየው ያልበዋል።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስህተት ላርም። ብዙ ሰው ሲተርከው ስትሩፕ የሚስማሙ ቃላትን (ቀይ በቀይ) ከማይስማሙት ጋር ያወዳደረ ይመስለዋል። አይደለም። የሚስማሙ ቃላት በእሱ ወረቀት ላይ አልነበሩም። ማወዳደሪያው ቃል የሌለበት ቀለም ነው። የሚስማማውን የጨመሩት በኋላ የመጡት ናቸው። ነገሩ ተራ ዝርዝር ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ቃሉ ሲስማማ ይረዳል፣ ሲጣላ ያደናቅፋል፤ ሁለቱን አንድ ላይ ከለካህ የትኛው ምን ያህል እንደሠራ አታውቅም። የማደናቀፉ ጉልበት ከመርዳቱ በጣም እንደሚበልጥ የታወቀው ሁለቱ ተለይተው ሲለኩ ነው።

ታዲያ ለምን? ተፈታኙ ቃሉን እንዲተወው በግልጽ ተነግሮታል። ቃሉ ለሥራው ምንም አይጠቅመውም። እንዲያውም ሁልጊዜ ስህተት ነው የሚነግረው። ሰውየውም ይህን ያውቃል። ግን ማወቁ አላዳነውም።

የመልሱ ጅምር ከስትሩፕ በፊት ነበረ። ጄምስ ማኪን ካቴል የሚባል አሜሪካዊ ጀርመን ላይፕሲሽ፣ የሙከራ ሥነ ልቦና መሥራች በሚባለው በቪልሄልም ቩንት ቤተ ሙከራ ውስጥ ሲሠራ፣ ቃል ማንበብ ቀለም ከመጥራት እንደሚፈጥን ለክቶ በ1886 አሳተመ። ምክንያቱን ሲያስረዳ፣ ቃልና ፊደል ላይ ብዙ ከመለማመዳችን የተነሳ ነገሩ በራሱ ይሄዳል፣ ቀለም ላይ ግን ስሙን ለመምረጥ በፈቃዳችን መጣር አለብን አለ። ካቴል ግን ቃሉንና ቀለሙን አንድ ላይ አላጋጫቸውም። ሁለቱን አንድ ቦታ አስቀምጦ ማጋጨት የኋለኞቹ ሥራ ነው።

ስትሩፕም ወደ ልምምድ ነው ያዘነበለው። ቃል ስናይ የምናደርገው አንድ ነገር ነው፤ እናነበዋለን። ቀለም ስናይ ግን የምናደርገው ብዙ ነው። ቀዩን ቲማቲም እንገዛዋለን፤ ቀዩ መብራት ላይ እንቆማለን፤ ቀዩን ቀሚስ እናደንቃለን። ስሙን ጮክ ብለን የምንጠራው ስንቴ ነው? ከኬጂ ከወጣን ወዲህ ማንም «ይህ ምን ቀለም ነው?» ብሎ አይጠይቀንም። የማንበቢያው መንገድ አስፋልት ነው፤ የቀለም መጥሪያው የእግር መንገድ። ሁለቱ የሚገናኙት አፍ ላይ ነው። አፍ ደግሞ በአንድ ጊዜ አንድ ቃል ብቻ ነው የሚያወጣው።

ግን ይህ እስካሁን ግምት ነው። ሌላ ሰው ተነስቶ «ቃል በተፈጥሮው ከቀለም ይበረታል» ቢል በምን ትመልስለታለህ? ሁለተኛው ሙከራ ይህንን አይለይም። ስትሩፕን የማደንቀው እዚህ ላይ ነው። ጥያቄውን አልሸሸም። ልዩነቱ ከልምምድ ከመጣ፣ ልምምዱን ብንለውጠው ልዩነቱም መለወጥ አለበት አለ። ከዚያ 32 ተማሪዎችን ይዞ ለ8 ቀን አለማመዳቸው።

ልምምዱ አሰልቺ ነው። በየቀኑ ትመጣለህ፤ በየቀኑ ከቀለማቸው ጋር የሚጣሉ ቃላት ይሰጡሃል፤ ቃሉን ትተህ ቀለሙን ትጠራለህ። በዚህ ዙር ወረቀቱ ላይ ያሉት 50 ናቸው። ማወዳደሪያውንም ቀየረው። ሙሉ በሙሉ በቀለም የተሞላ አራት ማዕዘን ከቀጫጭን ፊደላት የበለጠ ይደምቃል፤ ፊደል በውስጡ ነጭ ቦታ አለው። ስለዚህ በአራት ማዕዘኑ ፋንታ ነጭ የሚያሳይ ቅርጽ ፈለገ። የመረጠው ስዋስቲካን ነው፤ የናዚዎች ዓርማ የሆነውን ጫፎቹ የታጠፉ መስቀል። በ1935 የታተመ ጽሑፍ መሆኑን ስታስቡ ትንሽ ይከብዳል፤ ለእሱ ግን ክፍተት ያለው ቅርጽ ከመሆን አላለፈም። የኋላ ሰዎች ኤክስ እየደረደሩ ተገላገሉ።

ውጤቱ ይኸው። የሚጣሉትን ቃላት ቀለም ለመጥራት መጀመሪያ 49.6 ሰከንድ ይፈጅባቸው ነበር። ከልምምዱ በኋላ 32.8 ሆነ። ማደናቀፉ አልጠፋም፤ ግን በጣም ቀነሰ። እስከዚህ ድረስ ብዙ አይገርምም፤ ማንም ሰው የለመደውን ነገር ያፈጥናል።

የሚገርመው ቀጥሎ ያደረገው ነው። እነዚያኑ ተማሪዎች መልሶ አንብቡ አላቸው። ቀለሙን ተዉትና ቃሉን አንብቡ። ይህ ከመጀመሪያው ሙከራ ጋር አንድ ነው፤ ቀለሙ ማንንም አልረበሸም ያልነው። ከልምምዱ በፊት 19.4 ሰከንድ ይበቃቸው ነበር። አሁን 34.8 ፈጀባቸው።

ቆም ብላችሁ አስቡት። የኮሌጅ ተማሪዎች ናቸው። ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲያነቡ የኖሩ ናቸው። በስምንት ቀን ልምምድ ብቻ «ቀይ» የሚለውን ቃል ለማንበብ መንተባተብ ጀመሩ። ቃሉ ፊት ለፊታቸው አለ፤ ቀለሙ ግን ቀድሞ አፋቸው ላይ ይደርሳል። አደናቃፊውና ተደናቃፊው ቦታ ተለዋወጡ።

ነገሩ ግን አልዘለቀም። እዚያው ሌላ ዙር ሲያነቡ ወደ 22.0 ሰከንድ ወረደ። የስምንት ቀኑ የእግር መንገድ ለአንድ ዙር አስፋልቱን ዘጋው፤ በሁለተኛው ዙር አስፋልቱ ተከፈተ።

ለኔ የጉዳዩ ልብ ይህ ነው። «ያለፈቃድ የሚሠራ» የምንለው ነገር አብሮን አልተወለደም። በድግግሞሽ የተሠራ ነው። እንዲያውም በጥቂት ቀን ሌላ መሥራት ይቻላል። ግን አሮጌው አይፈርስም፤ ጎን ለጎን ይቀመጣል። ይህ ሁሉ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ፣ በወረቀትና በስቶፕዎች ተገኘ። መማሪያ መጻሕፍት ግን ሁለተኛውን ሙከራ ወስደው ሦስተኛውን ሲያልፉት አያለሁ። 74 በመቶ ለመናገር ይቀላል መሰለኝ።

ጽሑፉ ወዲያው አልገነነም። ወደ 1960ዎቹ ገደማ ነው ዳግም የተነሳው። በ1991 ኮሊን ማክሊዮድ የሚባል ተመራማሪ የግማሽ ምዕተ ዓመቱን ሥራ ሲገመግም ከፊቱ 400 ያህል ጥናቶች ነበሩ። ከእነሱም ሊታመኑ የሚችሉ 18 ግኝቶችን ለየ። ሁሉንም አልዘረዝርም። ሁለቱ ግን እኛን ይነኩናል።

አንደኛው የልጆች ነው። ማንበብ ያልጀመረ ልጅ አይደናቀፍም። ማደናቀፉ ከንባብ ጋር አብሮ ያድግና ሁለተኛና ሦስተኛ ክፍል አካባቢ ጫፍ ይደርሳል። ከዚያ ሰውየው ሲጎለምስ ቀስ እያለ ይቀንሳል። ከ60 ዓመት በኋላ እንደገና መጨመር ይጀምራል። ፊደል ያልቆጠሩ አክስቴን ከአንድ ፕሮፌሰር ጋር ብናጫውታቸው እሳቸው የሚሉት ሳይጠፋቸው ይጨርሱ ነበር። ፕሮፌሰሩ ላብ በላብ ይሆናል።

ሁለተኛው የሁለት ቋንቋ ሰዎች ነው። ቃሉ በአንድ ቋንቋ ተጽፎ ቀለሙን በሌላ ቋንቋ ብትጠራም አታመልጥም። ማደናቀፉ በአንድ ቋንቋ ውስጥ ካለው 75 በመቶ ያህል ሆኖ ይቀጥላል። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ የምታነቡ በቀላሉ መሞከር ትችላላችሁ። የቀለሞቹን ስም በእንግሊዝኛ ወይም በዕብራይስጥ ጻፉ፣ ቀለሙን በአማርኛ ጥሩ። እኔ እንግሊዝኛውን ሞክሬዋለሁ። በእንግሊዝኛ የተጻፈው «ቀይ» በአማርኛ «ሰማያዊ» ልል ስል አፌን ይዞኛል። «ሐምራዊ» ግን በአማርኛ ተጽፎም ብዙ አላስቸገረኝም። ምናልባት የምንጠራው ስንቴ ነው ከሚለው ጋር ይያያዝ ይሆናል። ሰፈር ውስጥ «ሐምራዊ» የሚል ሰው አላውቅም፤ «ወይን ጠጅ» ወይም «ፐርፕል» ነው የሚባለው። ቡናማም ቢሆን አፋችን ላይ «ቡኒ» ነው። አማርኛ ወረቀት የምታዘጋጁ ከሆነ የምትጽፉት ሰው የሚጠራውን ስም ይሁን።

ማንበብ ብቻ ነው ወይ ጥፋተኛው? አይደለም። በ1967 ሲመንና ሩዴል የሚባሉ ተመራማሪዎች ሰዎች ጆሮ ላይ ማዳመጫ አደረጉ። «ቀኝ» ሲባል የቀኙን ቁልፍ፣ «ግራ» ሲባል የግራውን ትጫናለህ። ቃሉ በየትኛው ጆሮ እንደመጣ ከሥራው ጋር አይገናኝም። ሆኖም «ቀኝ» የሚለው በግራ ጆሮ ሲመጣ እጅ ይዘገያል። ልዩነቱ ከስትሩፕ በጣም ያንሳል፤ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሰከንድ አንድ አሥረኛ አይሞላም። ስቶፕዎች አይዘውም። ግን በመሣሪያ ሲለካ ደጋግሞ ይመጣል። ሰው ጀርባው ላይ «ቀኝ!» ብሎ ከግራ ሲጮህበት ለአፍታ የሚደናገረው ለዚህ ነው። ሹፌሮችና ረዳቶች ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። «ያለፈቃድ» የሚለው ቃል ሲበዛ አልወድም። ማደናቀፉን ማዳከም ይቻላል። በ1997 ቤስነርና ባልደረቦቹ ሙሉውን ቃል በቀለም ከመጻፍ ይልቅ አንዷን ፊደል ብቻ ቀለም ቀቧት። ማደናቀፉ ቀነሰ። ትኩረቱ ፊደሏ ላይ ሲያርፍ ቃሉ ጉልበት ያጣል። በ2002 ደግሞ አሚር ራዝና ባልደረቦቹ በሂፕኖሲስ (በንግግር ወደ ሰመመን በሚያስገባ ዘዴ) በቀላሉ የሚመሩ 16 ሰዎችን ይዘው፣ የምታዩት ትርጉም የሌለው የባዕድ ቋንቋ ጽሑፍ ነው ብለው ነገሯቸው። በእነዚህ ሰዎች ላይ ማደናቀፉ ጠፋ። በቀላሉ በማይመሩት ላይ ግን አልሠራም። ስለዚህ ቃሉ በር ሰብሮ አይገባም። በሩ ክፍት ሆኖ ያገኘዋል፤ በሩን ያንገረበብነው እኛ ነን፣ በዓመታት ንባብ።

ዛሬ ሙከራው ሆስፒታል ገብቷል። የአእምሮ ጉዳት ያጋጠመው ሰው ትኩረቱን ምን ያህል እንደሚቆጣጠር ለማየት ከሚሰጡት ፈተናዎች አንዱ ነው። ስቶፕዎቹን የተካው ኮምፒውተር ነው፤ አፍን የተካው ቁልፍ ነው። ወረቀቱን የሚጠቀሙም አሁን ድረስ አሉ።

ስትሩፕ ራሱስ? ብዙም ሳይቆይ ምርምሩን ተወው። እዚያው ናሽቪል በዴቪድ ሊፕስኮም ኮሌጅ አስተማሪ ሆኖ ኖረ። ሥነ ልቦና ያስተምር ነበር፤ ልቡ ግን መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ነበር። ሰባኪ ነበር። የመጽሐፍ ቅዱስ ማስተማሪያዎች ጻፈ። በ1973 አረፈ። ሙከራው ያኔ በየቤተ ሙከራው መዛመት ጀምሮ ነበር። አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ «ሳይንስ ተጎዳ» ይላል። እኔ አልልም። ሦስቱንም ሙከራ በአንድ ጽሑፍ ጨርሶት ነው የሄደው።

ባለፈው ቅዳሜ እህቴ ቤት ነበርኩ። ልጅቷ አሁን ሁለተኛ ክፍል ናት። የታክሲ ታፔላ፣ የሱቅ ማስታወቂያ፣ የብስኩት ልባስ፣ ያገኘችውን ሁሉ ጮክ ብላ ታነባለች። ያንን ወረቀት አላገኘሁትም፤ አዲስ ጻፍኩ። ማርከሮቹም አዲስ ናቸው። እንደ ድሮው ጣቷን መጀመሪያው ላይ አስቀመጠች። «አረንጓዴ» አለች። ሁለተኛው ላይ ጣቷ ቆመ። «አረ…» አለችና አፏን በእጇ ያዘች። ቀለሙ ሰማያዊ ነበር።

«ጋሼ፣ ይሄኛው ወረቀት ከባድ ነው» አለችኝ።